ያላነበበችው ማዘዣ

አማቷ ሻዩን አንዴ ፉት ብለው ስኒውን ሲያስቀምጡ ሲስተር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሻይ ሲቀዘቅዝ የሚያኮርፉ፣ ሲፋጅ ደግሞ «ልታቃጥሉኝ ነው እንዴ?» የሚሉ ሴት ናቸው። ከዳቦውም ቆረስ አድርገው ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ መለሱት። የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ሲስተር ተዝናንታ ተቀምጣለች፤ እንደ ልማዷ ነካ ልታደርጋቸው ፈልጋ ዛሬ ደግሞ ምን እንዳጎደለች ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ጨዋታውን አልተቀበሏትም። አፋቸው ውስጥ ቁስል መውጣቱን፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ እንደቸገራቸው፣ ደክማ ስለምትገባ ላለማስቸገር ብለው ዝም ማለታቸውን ነገሯት።

ሲስተር የስልኳን መብራት አብርታ አፋቸውን እንዲከፍቱ ጠየቀቻቸው። ከንፈራቸው ከውስጥ በኩል ተልጧል። ምላሳቸው ጠርዝ ላይ፣ ጉንጫቸው ውስጥ፣ እስከ ጉሮሯቸው ድረስ ነጫጭ ቁስል ወርዷል። ግንባራቸውን በእጇ ጀርባ ነካች፤ ይፋጃል። ይህን ዓይነት አፍ ታውቀዋለች። ለሕመምተኞቿ ሁሉ ስትለፈልፍ የኖረችው ስለዚሁ አፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁስል ካዩ መድኃኒቱን አቁመው ወደ እሷ እንዲሮጡ።

በሆስፒታሉ የመገጣጠሚያ ሕመም ክትትል ክፍል ነርስ ናት። ጣታቸው ለተቆለመመ፣ ጉልበታቸው ላበጠ ሰዎች ትንሿን ቢጫ ኪኒን የምታዘው እሷ ናት። ኪኒኗ በሳምንት አንድ ቀን ስትወሰድ እብጠቱን ታበርዳለች። በየቀኑ ከተወሰደች ግን አጥንት ውስጥ ያለውን፣ ደም የሚሠራበትን ቦታ ታደርቀዋለች። መጀመሪያ አፍ ይቆስላል፣ ቀጥሎ ትኩሳት ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ተራ ጉንፋን እንኳ ሰውን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

«እማማ» አለች። «ያቺን ቢጫ ኪኒን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?»

«በየቀኑ ነዋ። ከቁርስ በኋላ አራት ፍሬ። አንድም ቀን አላጎደልኩም» አሉ፤ ኩራት ቢጤ ነበረበት።

ሊኮሩም ይገባቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ያን ሁሉ የደንበኛ ቁጥር በቃላቸው ይዘው መዝገብ የማይገልጡ፣ አለቆቻቸው እንኳ እየመጡ የሚጠይቋቸው ሴት። ዛሬም የማንንም የልደት ቀን፣ የማንንም የቤት ቁጥር አይረሱም። ትንሿን የልጅ ልጃቸውን በየቀኑ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያመጧት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ዘግይተው አያውቁም። መድኃኒት ተሳስተዋል ብሎ መጠርጠር ለሳቸው ከስድብ አይተናነስም።

ሲስተር ፓኮውን ከመሳቢያ አወጣችው። በፋርማሲስቱ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ «አራት ፍሬ፣ በቀን አንድ ጊዜ» ይላል። በሳምንት መሆን ነበረበት። ፓኮውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አማቷን ጃኬታቸውን እያለበሰች ወደ ሆስፒታል ደረስ ብለው እንደሚመለሱ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ለአፍ ቁስል ይህን ያህል ጥድፊያ ምንድን ነው እያሉ ተከተሏት።

ታክሲው ውስጥ ሁሉ ነገር መጣላት። መጀመሪያ ስለ ውክልናው። ሐኪም ሲጠፋና ሕመምተኛ በየኮሪደሩ ሲከማች፣ የጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሐኪሞች መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣናቸውን ለተመረጡ ነርሶች በውክልና እንዲሰጡ ፈቀደ። በሆስፒታሉ ሦስት ነርሶች ተወከሉ፤ ሲስተር ለመገጣጠሚያ፣ ጓደኛዋ ለስኳር፣ አንዷ ደግሞ ለደም ግፊት። እያንዳንዷ ልታዘው የምትችለው መድኃኒት ተለይቶ ታውቋል፤ ከዚያ ዝንፍ ማለት የለም። ሁለት ጥብቅ ክልከላዎችም አሉ። የተወከለ ሰው ውክልናውን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ለዘመዱም ማዘዝ አይችልም። ሲስተር ይህን ደንብ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ሻይ ሰዓት ላይ ሳይቀር ስለምትጠቅሰው ባልደረቦቿ «ሲስተር አንቀጽ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

ከጥቂት ሳምንት በፊት አማቷን የመረመራቸው የክፍሏ ዶክተር ራሱ ነበር። መድኃኒቱን እንዲጀምሩ ወሰነ፣ መጠኑን ለሲስተር ነገራት፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ስለተጠራ አንቺው ጻፊላቸው ብሏት ሮጠ። ለዘመድ መጻፍ ደግሞ ክልክል ነው። እስኪመለስ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ ግን አማቷ ያበጡ ጣቶቻቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ሲያቃስቱ አንጀቷን በሏት። ስለዚህ ሲስተር አንቀጽ ሕግ ላለመጣስ ብላ ሕግ ጣሰች። ስኳር ክፍል ገብታ ለጓደኛዋ የመድኃኒቱን ስም ነገረቻት፣ አራት ፍሬ በይ አለቻት፣ ከዚያ ለአማቷ ያዘዘችው እሷ እንዳትሆን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች ስትመለከት ቆየች። በስኳር ክፍል ያለ ኪኒን በሙሉ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ የጓደኛዋም እጅ የለመደውን ጻፈ፤ በቀን አንድ ጊዜ። ሰው ራሱን ንጹሕ ለማድረግ ሲል የማይፈጥረው ብልሃት የለም።

ቢያንስ ፋርማሲስቱ ሊይዘው ይገባ ነበር። ሰውየው ማዘዣ በመጣ ቁጥር ለምን ይህ፣ ለምን ይህን ያህል እያለ ሐኪም ስለሚያስጨንቅ «አቶ ለምን» ተብሏል። በዚያ ቀን ግን ማዘዣውን ይዞ መስኮቱ ላይ የቀረበው የሲስተር ባል ነበር። አቶ ለምን የማን ቤተሰብ እንደሆኑ አየና፣ የመድኃኒቱ አዋቂ እቤታቸው እያለች እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብሎ ሳይጠይቅ ሰጠ። ሲስተርም በበኩሏ የማስረዳቱን ነገር ለአቶ ለምን ትታው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ስለምትወጣ አማቷ ሲውጡም አይታ አታውቅም። እሱ በሷ፣ እሷ በሱ ሲተማመኑ አሮጊቷ መሐል ላይ ኪኒናቸውን በታማኝነት ሲውጡ ከረሙ።

ባሏ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። ደውላ ስትጠራው የመሣሪያ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቃቸው። አማቷ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲገቡ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ያ የመገጣጠሚያ መድኃኒት በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መሆኑን፣ እናቱ ግን በየቀኑ መውሰዳቸውን ነገረችው። የቀረውን ግን አልነገረችውም። ትንሽ ቆይቼ፣ ውጤቱ ሲመጣ፣ እያለች ለራሷ ቀጠሮ ሰጠች።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀምጦ እንደገና አነበበው። ይህን ሰው ሲስተር ለብዙ ጊዜ ታውቀዋለች፤ ቆሞ ያነበበውን ተቀምጦ ሲደግም አይታው አታውቅም። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ አልቋል ማለት ይቀላል። ማርከሻው መድኃኒት ባስቸኳይ እንዲሰጥ፣ አሮጊቷም ሰው በማይበዛበት ክፍል ለብቻቸው እንዲተኙ አዘዘ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሮ ጥያቄውን አቀረበ።

«በየቀኑ ሊወስዱ የቻሉት እንዴት ነው?»

ሲስተር ትንፋሽ ሳበች። ባሏ ቀደማት።

«እማዬ እኮ አርጅታለች፣ ዶክተር። በሳምንት የተባለችውን በቀን አድርጋው ነው የሚሆነው።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ታሪክ ከብዙ ቤተሰብ ሰምቶታል፤ አዛውንት ናቸው፣ ይሳሳታሉ። ወደ ሲስተር አየት አደረገ፤ እሷ ዐይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች። ይኸው ነው የሆነው። አንዲት የሐሰት ቃል ከአፏ አልወጣም። ዝም አለች፣ ዝምታዋም ለባሏ መሰከረለት፣ ዶክተሩም ወደ ሥራው ሄደ።

ወሬ በሆስፒታል ኮሪደር ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ጓደኛዋ፣ የስኳሯ ሲስተር፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣችና ክንዷን ይዛ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አስገባቻት። በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። በቀን ብላ መጻፏን አስታውሳለች። እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ማልቀሷን ሳታቆም ደግሞ መለመን ጀመረች። ነገ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ውክልናው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዷ ውክልናዋን ለሌላ ሰጥታለች፣ ሌላዋ ያልተፈቀደላትን ጽፋለች። ይህ ከተሰማ የሥራ ፈቃዳቸው ይነጠቃል፤ ምንም ያላጠፋችው የግፊቷ ነርስም አብራ ትከለከላለች። ከሩቅ የሚመጡት ሕመምተኞች እንደ ድሮው የአንዱን ዶክተር ደጅ ሊጠኑ ነው።

«ሕክምናው እኮ ያው ነው፣ ሲስተር» አለቻት በመጨረሻ። «እኛ ተሳሳትን ብንል፣ እሳቸው ተሳሳቱ ብንል፣ የሚሰጣቸው መድኃኒት አንድ ነው። ዝም ብንል እሳቸው ምን ይጎዳሉ?»

ክፋቱ፣ ካለችው አብዛኛው እውነት መሆኑ ነው። ክፍሏ በር ላይ ተሰልፈው የሚጠብቋት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት። ግን ራሷን አታታልልም፤ ከእነሱ ሁሉ ፊት የቆመው የራሷ ፍርሃት ነበር። ሥራዋን ማጣት ፈራች። ስሟን ፈራች። ከሁሉ በላይ ግን ባሏን ፈራች፤ እናቱ ቢሞቱ ማታ ማታ ከጎኑ ስትተኛ ምን ብሎ እንደሚያያት ማሰብ አልቻለችም። ለጓደኛዋ እሺም እምቢም ሳትላት በሩን አስከፍታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሆኗል። አማቷ የተኙበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግሉኮሱ የተንጠለጠለበት ብረት። ሲስተር እጇን ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ገባች። አሮጊቷ ዐይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መሰላት። ጠጋ ስትል ግን ቁጥር ነው። የድሮ ስልክ ቁጥሮች፤ የእሳት አደጋው፣ የባቡር ጣቢያው፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካው። የዳቦ ቤቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እንደገና እዚያው ቆሙ።

«እማማ፣ ትኩሳቱ ነው። ይረፉ» አለቻቸው።

«ልጄ መጥቶ ነበር» አሉ፤ ቁስሉ ቃላቱን እያንገዳገደባቸው። «አይዞሽ እማዬ፣ ተሳስተሽ ነው፣ ማንም ይሳሳታል አለኝ። በሳምንት ነው አሉ ለካ። እኔ በቀን የሚል ነው ያየሁት። አሁንም ዐይኔን ስጨፍን በቀን የሚል ነው የሚታየኝ።»

ሲስተር የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ሞት አልፈራም» ብለው ቀጠሉ። «ጠግቤያለሁ። እናቴ ግን በመጨረሻ ሰሞን፣ ዐይኔን እያየች አንቺ ማን ነሽ ብላኛለች። እኔም እንደዚያ እንዳልሆን ነው ያን ሁሉ ቁጥር ሳልጥል የያዝኩት። ይኸው ደርሶብኛል። የሌለ ጽሑፍ ካነበብኩ ምን ቀረኝ?» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የእሷን ፈለጉ። ሲስተር እጇን ሰጠቻቸው። «እባክሽን ሕፃኗን ከእኔ ጋር ብቻዋን አትተዉብኝ። ከዚህ ብወጣም ከትምህርት ቤት ሌላ ሰው ያምጣት። መንገድ ላይ ብረሳትስ?»

የስኳሯ ሲስተር ምን ይጎዳሉ ብላ ነበር። ሲስተር መልሱን እንደ ጥፊ ተቀበለችው። ከጠዋት ጀምሮ ደማቸውን፣ ትኩሳታቸውን፣ አፋቸውን ስትጠብቅ ነው የዋለችው፤ በዚህ በኩል ግን አንድም ጊዜ አላየችም። ባሏ እናቱን ለማጽናናት ብሎ ከኪኒኑ የከፋ ነገር አስውጧቸው ሄዷል፤ እሷም በዝምታዋ ውሃ አቀብላለች። የራሷ ፍርሃት አልለቀቃትም፤ ግን ከዚህ አልጋ አጠገብ ሆኖ ሲታይ የሚያሳፍር ሆነባት።

«እማማ፣ አልተሳሳቱም።»

አሮጊቷ ዐይናቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«በቀን ነው የሚለው» አለች። «ያነበቡት ትክክል ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዶክተሩ ለእሷ እንደተወላት፣ እሷ ለዘመድ እንዳይሆንባት ለጓደኛዋ እንደሰጠቻት፣ ጓደኛዋ ስትጽፍ እሷ በመስኮት ስታይ እንደነበር። ፓኮውን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው። አሮጊቷ መነጽር አልጠየቁም፤ ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፅ ሳያወጡ አነበቡት።

«እኔ አይደለሁም» አሉ።

«እርስዎ አይደሉም።»

ማልቀስ ጀመሩ። ሲስተር ቁጣ ነበር የጠበቀችው፣ ለቁጣ ተዘጋጅታለች፤ ይህ ግን እፎይታ ነበር፣ የጠፋ ልጁን እንዳገኘ ሰው ማልቀስ ነበር። መርዝ ያጠጣቻቸውን ሴት እጅ ይዘው፣ ተመስገን፣ ተመስገን ይላሉ። ሲስተር ይህን ከማይ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ።

ለቅሶው ቀስ በቀስ በረደ። አሮጊቷ ፊታቸውን በአንሶላው ጫፍ ጠረጉ። የኦፕሬተርነት ጭንቅላታቸው ሥራውን ጀምሮ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠዋት። ቁርስ ላይ።»

ወደ መስኮቱ አዩ። ፀሐይዋ ወደ ማዶው ሕንፃ ዞራለች።

«እንግዲያው ቀኑን ሙሉ ስፈራ እያየሽኝ ነበር» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድ ነገር አረጋግጦ እንደሚመዘግብ ሰው ነው የተናገሩት። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ። አማቷ እጃቸውን ከእጇ ቀስ አድርገው አወጡና ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱት።

«ልጄን ጥሪው። ሐኪሙንም ጥሪው። እዚሁ፣ ፊቴ ትነግሪያቸዋለሽ» አሏት። «አሁን። ከሞትኩ በኋላ ብትናገሪ እንኳ ለሬሳ አዝና ነው ይሉሻል፤ ስህተቱም የእኔ ሆኖ ይቀራል።»

ከአልጋው እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ ነው። ሲስተር በሕይወቷ እንዲህ የራቀ በር አላየችም። ነገ የሚመጡትን ገምጋሚዎች አሰበች፣ አንሶላ ክፍል ውስጥ ያለቀሰችውን ጓደኛዋን አሰበች። የበሩ እጀታ ሁለት ጊዜ አዳልጧት በሦስተኛው ከፈተችው። ባሏ ከዶክተሩ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ የመሣሪያ ቦርሳውን ገና ከትከሻው አላወረደውም። ፊቷን ሲያይ ሌላ ነገር መሰለው። ግድግዳውን ያዘና እናቱን ጠራ።

«አይደለም፣ በሕይወት አሉ» አለችው። «እማማ አሉ። አልተሳሳቱምም። እኔ ነኝ።»

ባሏ አልገባውም። ዶክተሩ ግን ገባው፤ ዐይኗን እያየ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። ሲስተር ሁለት የአፍ መሸፈኛ አንስታ አንዱን ለዶክተሩ፣ አንዱን ለባሏ ሰጠችና እንዲገቡ በሩን ያዘችላቸው።